ሳይነበብ አንፈርምም

እኛ ግቢ ውስጥ ፊርማ ማለት «መጥቻለሁ» ማለት ነበር። ሌላ ትርጉም እንዳለው ያወቅነው ዘንድሮ ነው።

ይህን ያስለመደን ቅሬያችን ነው። ሰው ሲሞትብን ድንኳን የሚተክለው፣ ቀብር የሚያስፈጽመው፣ ለቀስተኛ የሚያበላው ቅሬ በወር አንዴ ይሰበሰባል፤ ያልፈረመ እንደቀረ ተቆጥሮ ይቀጣል። ስለዚህ ወረቀት ሲዞር ያየ ሰው መጀመሪያ ይፈርማል፤ «ምንድነው?» የሚለው ቀጥሎ ነው።

ግንቦት ላይ አግማስ የሚባል ወጣት ባለሙያ ከቤቶች ቢሮ ሲመጣ የሆነውም ይኸው ነው። የምንኖርባቸው አሥራ አራት የቀበሌ ቤቶች ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ዳገት ላይ የተደረደሩ ናቸው፤ ከአስፋልቱ እኛ ጋ ለመድረስ ሃምሳ ሁለት የድንጋይ ደረጃ ይወጣል። የጋራ ሽንት ቤታችን ሞልቷል፣ ግድግዳውም አዘንብሏል። አዲስ ሊሠራ ነው ሲባል ደስ አለን። አግማስ ግማሽ ሰዓት አስረዳንና «የመገኘት ፊርማ ናት» ብሎ ወረቀት አዞረ። ሁላችንም ፈረምን። ዘካሪያማ ሥራ ለሄደ ጎረቤቱ ጭምር ፈረመለት።

ሰኔ ሲገባ ሠራተኞች መጥተው መሬቱን በኖራ ምልክት አደረጉ። ምልክቱ ያለው ከደረጃው ሥር፣ አስፋልቱ ዳር ነው።

መጀመሪያ ያየችው እትዬ ዘሀራ ናት። ከገበያ ስትመለስ የሠራተኞቹን አለቃ «ይህ ምንድነው?» አለችው።

«የእናንተ ሽንት ቤት።»

«እኛ ያለነው ላይ፣ ሽንት ቤታችን ታች?»

«እናንተው አይደላችሁ እንዴ የተስማማችሁት?»

ዘሀራ ልብስ ሰፊዋን እየሩስን አስከትላ ቢሮ ሄደችና የፈረምንበትን ወረቀት ኮፒ ይዛ መጣች። እየሩስ ግቢው መሀል ቆማ አነበበችልን። «ነዋሪዎች ለግንባታው በተመረጠው ቦታ ላይ ሙሉ በሙሉ ተስማምተዋል» ይላል። ከሥሩ ፊርማዎቻችን ተያይዘዋል። ተራ ቁጥር አንድ ላይ ያለው የዘሀራ ነው።

«እኔው ነኝ በገዛ እጄ» አለች ዘሀራ። ሁላችንም ወደ ባሏ በር ላለማየት መሬት መሬት አየን።

ባሏ አያ ጀላል ሃያ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ከሁለት ዓመት በፊት ቀኝ ጎኑን ስትሮክ መታው። ዘሀራ ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ታጎርሰዋለች። የሰው እጅ ሳይጠብቅ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶታል፤ ምርኩዙን ይዞ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ታክኮ፣ ሽንት ቤት ደርሶ ይመለሳል። አሥራ ስምንት እርምጃ ነው። በዚያች መንገድ ላይ ማንም እንዲከተለው አይፈልግም፤ ያየው ሰውም እንዳላየ ያልፋል።

የእኔንና የእነሱን ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ ሳልፈልግም እሰማለሁ። ያን ቀን ከአሱር ሶላት በኋላ ጀላል «ሃምሳ ሁለት ደረጃ» ሲል ሰማሁት።

«አዝልሃለሁ» አለችው።

«ምን ልሁን ብለሽ፣ ጆንያ?»

«ጆንያስ ዝም ይላል።»

ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ተቆረጠ። «ዘሀራ፣ ሰፈር እያየኝ በጀርባሽ ታዝዬ ለዚያ ነገር አልወርድም፤ ወላሂ አልወርድም። ሥራው ሲያልቅ እኔም እራት አቆማለሁ። ውሃም እቀንሳለሁ። ያልገባ አይወጣም።»

ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

የሄደችው ቅሬያችንን የሚመሩት ዳኛው ሀጂ አብዱልባሲጥ ቤት ነው። በማግስቱ ጁምዓ ነበር፤ ሙስሊሙ ከመስጊድ ሲመለስ ክርስቲያኑም ተጠርቶ ቅሬው ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ።

ዘካሪያ ነገር ማሳመር ይወዳል። «ቅሬ ሬሳ ነው የሚያነሳ» አለ። «ለሽንት ቤት ተሰብስቦ ያውቃል?»

ሀጂ አብዱልባሲጥ ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው ወደ እሱ ዞሩ። «ጀላል ቢሞት ሥራህን ጥለህ ትመጣለህ?»

«እንዴታ።»

«እንግዲያ በሕይወት መኖሩ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?»

ዘካሪያ አንገቱን አከከ። «እሱስ ልክ ነው። ግን ለቀረ ሰው ቅጣት አለው?»

«እጥፍ ነው።»

ሁለት ነገር ተወሰነ። አንደኛ፣ ከእንግዲህ በግቢያችን ስም የሚጻፍ ወረቀት ጮክ ተብሎ ሳይነበብ ማንም አይፈርምም። ሁለተኛ፣ ቦታውን ራሳችን እንመርጣለን። ሁለተኛው ቀላል አልነበረም። የጋራ ማድ ቤት የነበረው ፈርሶ ባዶውን የቀረው ቦታ ከጀላል በር ሃያ እርምጃ ነው፤ ሁሉም ወደዚያ ሲያይ ዘካሪያ ተነሳ። «እሱ ቦታ እኔ በር ፊት ነው» አለ፤ አሁን አልቀለደም። «ሦስት ልጆች አሉኝ። ሽታውን ማን ይቅመስልኝ?» እውነቱን ነበር። እየሩስ መሬቱ ላይ በእንጨት ጭራ የሽንት ቤቱን በር ወደ ማዶ አዞረችው፤ ሀጂም የአየር ማውጫው ቱቦ ከጣሪያው በላይ አንድ ሰው ቁመት እንዲወጣ አሉ። ዘካሪያ ጭረቱን ዞሮ ዞሮ አየ። «ቱቦው ካጠረ ግን ራሴ ነው የምነቅለው» አለና ተቀመጠ።

ሰኞ ጠዋት ሠራተኞቹ ዶማቸውን ይዘው ሲመጡ የቅሬያችን አግዳሚዎች የኖራው መስመር ላይ ተደርድረዋል፤ ሴቶቹም ጥላ ዘርግተው ተቀምጠውባቸዋል። ማንም አልጮኸም። እየሩስ እንዲያውም ስፌቷን ይዛ ወርዳ ነበር። የሠራተኞቹ አለቃ ቆሞ አያቸውና ስልኩን አወጣ።

አግማስ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደረሰ። «እናቴ፣ ምን ሆናችሁ ነው?» አለ ዘሀራን።

«ስብሰባ ነው ልጄ። አንተን ነው የምንጠብቅ። ግን እዚህ አይደለም፤ ላይ ነው። መስማት ያለበት ሰው መውረድ አይችልም።»

ወጣን። አግማስ ቦርሳውን አንግቶ ሠላሳኛው ደረጃ ላይ ቆሞ ተነፈሰ።

«አይዞህ» አለው ዘካሪያ ከኋላው። «ያንተስ ሁለቱም እግር ደህና ነው።»

ጀላል በሩ ላይ ወንበር ወጥቶለት ተቀምጧል። አግማስ አየው፤ ምርኩዙንም አየ። ቢሆንም በልማዱ ወረቀት አወጣና አዞረ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ግቢውን ሁሉ ዞሮ ነጭ እንደሆነ ተመለሰለት።

«አልፈረማችሁም።»

«አልተነበበማ» አሉ ሀጂ አብዱልባሲጥ። «ጻፍ፣ አንብብልን፣ ከዚያ እናያለን። መጀመሪያ ግን ለምን ታች እንዳደረጋችሁት ንገረን።»

አግማስ ክፉ ልጅ አልነበረም። ቁጭ ብሎ በቅንነት ነገረን፤ ፍሳሽ የሚመጥጠው መኪና ዳገቱን አይወጣም፣ ቱቦውም እዚህ አይደርስም፤ ጉድጓዱ ሲሞላ ማን ይጠርገዋል? «ለእናንተው ተብሎ ነው» አለ።

ዘሀራ ነጠላዋን ስትጠመዝዝ አየኋት።

«ባለመኪናውን ጠይቃችሁታል?» አለ አያ ጀላል። ቃሉ ከስትሮኩ ወዲህ ትንሽ ይጎተታል፤ ይሰማል ግን።

«ቀጥታ እንኳ አልጠየቅነውም።»

«ዘሀራ፣ ለሙዓዊያ ደውይልኝ።» ወደ አግማስ ዞረ። «ያን መኪና የሚነዳው የእኔ ረዳት የነበረ ልጅ ነው።»

ዘሀራ ስልኩን ድምፁን ከፍታ ያዘችለት። «አያ ጀላል፣ ደህና ነህ ወይ?» አለ ሙዓዊያ፤ የሞተር ድምፅ ከኋላው ይሰማል።

«አልሐምዱሊላህ። የመኪናህ ቱቦ ስንት ሜትር ነው?»

«አንዱ ሃያ ነው። ሦስት አለኝ፤ እየተቀጠለ ይረዝማል። ምን ሞልቶብህ ነው?»

ግቢው ሳቀ። ዘካሪያ ግን ቆሞ አልሳቀም፤ ርቀቱን ለመለካት የቅሬውን ድንኳን ገመዶች እየቀጠለ ደረጃውን ወደ ታች ሮጦ ነበር። አስፋልቱ ዳር አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እኛ ላይ ሌላውን የፈረሰው ማድ ቤት ቦታ ላይ ወጠርን። አግማስ በራሱ ሜትር ገመዱን ለካ። አርባ አራት ሜትር ሆነ። እንደገና ለካ። አርባ አራት።

«መኪናውስ እዚህ ድረስ መምጠጥ ይችላል?» አለ አግማስ፤ ድምፁ አሁን የክርክር ሳይሆን የጥያቄ ነበር።

«ሽንት ቤቱ ላይ፣ መኪናው ታች» አለ ጀላል። «ፍሳሽ ለመውረድ ይለመናል እንዴ?»

አግማስ ራሱ ሳቀ። ቀጥሎ ቦርሳውን ከፍቶ ያልተጻፈበት ወረቀት አወጣና ለእየሩስ ሰጣት። «እናንተ ጻፉት» አለ።

ጻፈች። ቦታው፣ የበሩ አቅጣጫ፣ የቱቦው ቁመት። መጨረሻ ላይ ሀጂ አንድ አስጨመሩ፤ ነዋሪው የመረጣቸው ሦስት ሰዎች አይተው ካልፈረሙ ሽንት ቤቱን እንደተረከብን አይቆጠርም፤ ወደፊትም በግቢው ውስጥ የሚሠራና የሚጠገን ነገር ሁሉ በነዚህ ሰዎች በኩል ይመከርበታል። እየሩስ ስታነብ አግማስ እዚህ ላይ እጁን አነሳ።

«ይህችን አለቃዬ አይቀበላትም።»

«አለቃህ የራሱን ሽንት ቤት የት እንደሚያሠራ ማን ነው የሚነግረው?» አለች ዘሀራ።

አግማስ ብዕሩን አወጣ። ፈረመ። ሁለት ጊዜ ተነበበልንና እኛም ፈረምን፤ ዘካሪያ የራሱን ብቻ።

ወረቀቱ ቢሮ ሄዶ ሁለቴ ተመለሰ። አንዴ «በማኅተም ይምጣ» ተብሎ የቅሬውን ማኅተም አስመታን፤ አንዴ ያቺ የመጨረሻዋ ነጥብ ትውጣ ተባለ። ዘሀራና እየሩስ በክረምቱ ዝናብ ዘጠኝ ቀን ተመላለሱ። በአሥረኛው ቀን ነጥቧ ሳትወጣ ጸድቃ መጣች።

ኅዳር ላይ ባለ አራት በሩ ሽንት ቤት አለቀ። ለማየት የመረጥናቸው ሀጂ አብዱልባሲጥን፣ እየሩስንና አያ ጀላልን ነው። ጀላል ሲመረጥ «እኔ ምን አያለሁ?» ብሎ ነበር።

ያን ቀን ግቢው ሁሉ ወጥቶ ቆመ። ጀላል ምርኩዙን ይዞ ብቻውን ሃያውን እርምጃ ሄደ፤ ገባ፤ ቆየ፤ ወጣ። «አልረከብም» አለ።

ሥራ ተቋራጩ ደነገጠ። «ምኑ ጎደለ?»

«በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። እንደኔ ያለ ሰው ገብቶ መዝጋት አይችልም። ወደ ውጭ አድርገው፣ ከውስጥም መያዣ ብረት ግጠምለት።»

«አባቴ፣ በሮቹ የተሠሩት ኮምቦልቻ ነው እኮ።»

«የሐረጎን ዳገት ሃያ ሁለት ዓመት ወጥቼ ወርጄበታለሁ፤ ኮምቦልቻ የት እንዳለች ለእኔ አትንገረኝ። ጭነህ ውሰዳቸው።»

ሰውዬው ወደ አግማስ ዞረ። አግማስ ወረቀቷን አውጥቶ የመጨረሻዋን ነጥብ በጣቱ አሳየው። አራቱም በሮች ተነቅለው ኮምቦልቻ ወረዱ፤ በሦስተኛው ቀን መያዣቸው ተበይዶላቸው ተመለሱ።

ጀላል እንደገና ገባ። በሩን ከውስጥ ዘጋው፤ የመቀርቀሪያው ድምፅ እኛ ጋ ድረስ ተሰማ። ዘሀራ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም፤ ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ ግን ለመደበቅ አልሞከረችም። ሲወጣ እየሩስ ርክክቡን አነበበችለት። በግራ እጁ፣ ፊደል በፊደል፣ ስሙን ጻፈ።

ሥራ ተቋራጩ እፎይ ብሎ ወረቀቱን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። «ጨረስን እንግዲህ?»

«ምን ችኮላ ነው?» አለ አያ ጀላል ወረቀቱን ብብቱ ውስጥ አድርጎ፤ ምርኩዙንም አስተካክሎ ያዘ። «የጣሪያውን ውሃ መውረጃ ገና አላየሁም።»

ወደ ሽንት ቤቱ ጀርባም ብቻውን ዞረ።