ጉንጯ ላይ የታተመው አበባ

የጨርቅ ንድፍ ተምራ በማዕረግ ከተመረቀች ሁለት ወር ሆኗታል። አንድ የመጋረጃ ነጋዴ የመጀመሪያ ሥራዋን ቢሰጣትም፣ የሚሳል ነገር ጠፍቷት ግራ ገብቷታል። ያላየችው ኤግዚቢሽን፣ ያላገላበጠችው መጽሔት የለም፤ ወረቀቷ ግን ባዶ ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ስታስብ፣ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳት።

ስትነቃ እናቷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

«ምን ሆነሻል እማ?»

«መስታወት እዪ!»

የጠረጴዛው ዳንቴል ከነአበባው ጉንጯ ላይ ታትሟል። እናቷ በእጇ የሠራችው፣ እሷ ግን ጓደኞቿ ሲመጡ አፍራ መሳቢያ ውስጥ የምትወሽቀው ዳንቴል ነው። መጀመሪያ ኩርፍ አለች። ቀጥሎ ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች። ከዚያ ሳይጠፋባት ልትስለው ተጣድፋ እርሳሷን አነሳች።

«አራት ዓመት ተምረሽ በጉንጭሽ ሠራሽው!» አለች እናት።

«አታስቂኝ፣ አበባው ይጨማደዳል!»

ስትጨርስ እናቷ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን አየች።

«ሌሎቹ አበቦች ስድስት ቅጠል አላቸው። ይቺ አምስት ናት።»

«ውይ፣ ተሳስቼ ነው! ላስተካክላት።»

«የተሳሳትኩትስ እኔ ነኝ። እሷን ስሠራ ነው አንቺ መጣሁ መጣሁ ብለሽ በምጥ ኪሮሹን ያስጣልሽኝ።»

ልጅቷ ያነሳችውን ላጲስ መልሳ አስቀመጠች።

መጋረጃው ታትሞ ሲመጣ ነጋዴው ጨርቁን ዘርግቶ በጣቱ ጠቆመ። «ቆንጆ ነው። ይቺ አንድ ቅጠል የጎደላትስ ምንድን ናት?»

«እሷ እኔ ነኝ» አለችው።