ትል የበላው ቅጠል

የላብራቶሪ ባለሙያዋ የውጤቱን ወረቀት ገፋ አድርጋ ለአትክልተኛው አሳየችው። ግቢው ሁሉ «ጋሽ ቆርጦ ቀጥል» ይለዋል፤ የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላው ላይ ስለሚቀጥል ብቻ ሳይሆን ወሬም ስለሚቀጥል። የእሱን ሎሚ የቀመሰ በሬ እስከ ዛሬ ፊቱን እንዳጨማደደ ነው ብሎ የማለ ሰው ነው።

«አምና ከአጥሩ ጥግ ካለችው ዘይቱን ቅጠል ያገኘሁት ጠቃሚ ንጥረ ነገር ዘንድሮ ግማሹም የለም» አለች።

«ማሽኑ እንቅልፍ ጥሎት ይሆናላ።»

«ሦስቴ ደገምኩት እኮ፣ ጋሼ።»

በመስኮት ውጭውን ሲያይ የቆየው የላብራቶሪው ኃላፊ ዞረ። «ማሽኑ ምን አደረገ? አምና ተሳስታለች ማለት ነው። ጥናቱ ዛሬ ይዘጋል። እሷም ወደ ብርጭቆ አጠባዋ ትመለስ።»

ልጅቷ የሁለት ዓመት ድካሟን የያዘውን ወረቀት አጣጠፈችው።

አትክልተኛው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቃል። የጥጓን ዛፍ ትል እየበላት ቅጠሏ ወንፊት መስሏል። አምና ራሷ ባለሙያዋ ነበረች የለቀመችው። ዘንድሮ ልቀሙልኝ ስትለው፣ ከእኔ ግቢ እንዲህ ያለ ቅጠል ወጥቶ ሰው ሊያይ ነው ብሎ አፈረ። ከረጢቱን በሩ አጠገብ ካለችው ውብ ዛፍ ሞላው፤ ያውም አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ።

እውነቱን ልናገር ቢል ምላሱ እንግዳ ፊት እንደቀረበ ሕፃን ተሽኮረመመ።

«ቅጠሉ የጥጓ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ከበሩ ነው የለቀምኩት። ትል የበላውን ማምጣት አሳፍሮኝ።»

ኃላፊው ሳቀ። «ልጅቷን ለማዳን ነዋ! ዛሬም ወሬ ሳይቀጥሉ አላስቻለዎትም?»

«እንዳልታመን አርባ ዓመት ለፍቻለሁ፤ ይሄው አፈራልኝ። አይመኑኝ፤ ወርደው በገዛ እጅዎ ይልቀሙ።»

ሦስቱም ወረዱ። ኃላፊው በጓንቱ እየለቀመ ከረጢቱን ሞላ። ልጅቷ አንዱን ቅጠል ወደ ብርሃን አነሳች።

«ትል ሲበላው እኮ ነው ዛፉ ራሱን ሊከላከል ንጥረ ነገሩን የሚያበዛው። እኔ የምፈልገው ያፈሩበትን ነው፣ ጋሼ።»

«ተዋግታ ነው በዪኛ» አለ፤ ግንዷን እንደ ልጁ ትከሻ መታ መታ እያደረገ።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ወጣ፤ ከአምናውም በለጠ። ኃላፊው ወረቀቱን ሁለቴ አንብቦ «ጥናቱ ይቀጥል» አለና ፈረመ። ልጅቷ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወርዳ ነገረችው። አትክልተኛው ደረቱን ነፍቶ ግቢውን ዞረ፤ ለዘበኛው ሁለቴ፣ ለሾፌሩ ሦስቴ አወራ። የሚገርመው አምስቱም ጊዜ ወሬው ያው ነበር።

አመሻሹ ላይ አንድ ችግኝ አፍይ፣ ችግኙ ላይ የሚቀጥለው የዘይቱን ቅርንጫፍ ፈልጎ መጣ። በሩ አጠገብ ካለችው ዛፍ ሥር ቆሞ ጠበቀው። አትክልተኛው መቀሱን ይዞ አልፎት ወደ አጥሩ ጥግ ሄደ፤ ቆርጦም አመጣለት።

ሰውዬው ቅርንጫፉን ገለባበጠው። «ይሄ ትል የበላው አይደለም እንዴ?»

«ነው» አለ አትክልተኛው። ሌላ ምንም አልጨመረም።