ሦስተኛው ቁራጭ

እስከ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሀና ማርያም ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የወይዘሮ አስቴር ስፌት ቤት ዐሥራ አንድ የስፌት መኪና አለው፤ ያልተበላሹት ዘጠኙ ናቸው። ሠራተኛው ስምንት ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት 640 የተማሪ ሱሪ ሰፍቶ እስከ ነሐሴ 15 ለማስረከብ ውል አለው። ዓምና 900 ነበር። የቀነሰው አንዲት እናት የልጇን ሱሪ ይዛ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ስለሄደች ነው፤ ወገቡ ውስጥ የተሰበረ መርፌ ጫፍ ተገኝቶ ነበር። ወይዘሮ አስቴር ያን ጊዜ ሠራተኞቻቸውን ሰብስበው «ተጠንቀቁ» አሉ። ከዚያ በኋላ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ፀሐይወርቅ በዚህ ቤት አርባ ስድስት የሥራ ቀን ሞልቷታል። የሙከራ ጊዜዋ ስልሳ ቀን ነው። የቀሩትን ዐሥራ አራት ቀናት ያለ እንከን ካለፈች ቋሚ ትሆናለች።

ቦርሳዋ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ወረቀቶች አሉ። አንደኛው በልብስ ስፌት ያገኘችው የኮሌጅ ዲፕሎማ ነው። መምህራኑ በሳምንት ሦስት ቀን በማረሚያ ቤቱ በር እየተፈተሹ ገብተው እንዳስተማሯት እላዩ ላይ አልተጻፈም። ሁለተኛው የአራት ዓመት ከሁለት ወር የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው፤ ግርጌው ላይ የማረሚያ ቤቱ ማኅተም አርፎበታል። ሁለቱንም ይዛ ስድስት ቦታ ሥራ ጠይቃ ነበር። ጎፋ ያለው አንዱ ቤት እጇን ፈትኖ «ነገ ጀምሪ» ካላት በኋላ ማኅተሙን ሲያይ «እንደውልልሻለን» አላት። እስካሁን አልደወለም። ሰባተኛው ቦታ ላይ ዲፕሎማውን ብቻ አወጣች። ወይዘሮ አስቴር ልምዷን ሲጠይቋት «ዘመድ ቤት እሰፋ ነበር» አለች።

በጠብ መሐል የባሏን ወንድም በዘነዘና መትታ አንድ ዓይኑን አጥፍታለች። ስምንት ዓመት ተፈርዶባት፣ አምስት ዓመት ከአራት ወር ታስራ በአመክሮ ወጣች።

ከዚያ ይዛው የወጣችው አንድ ልማድ አለ። በማረሚያ ቤቱ ስፌት ክፍል መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው ሁሉ ይለቀማል፤ ወረቀት ላይ ተገጣጥሞ የአንድ መርፌ ርዝመት ካልሞላ አዲስ አይሰጥም፣ ከክፍሉም የሚወጣ ሰው የለም። አንድ ቀን አርባ ሴቶች ለአንድ ጫፍ ሲሉ ምሳ ሳይበሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆመዋል። ወይዘሮ አስቴር ቤት ግን ስባሪው ወለል ላይ ተጥሎ ማታ ከብጥስጣሽ ክር ጋር ይጠረጋል። ፀሐይወርቅ ማንንም ሳትናገር የራሷን ስባሪ በትንሽ ደብተር ላይ በፕላስተር ትለጥፋለች፤ ከጎኑ ቀኑን ትጽፋለች።

ከጎኗ የምትሰፋው ቲና የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ አፏ ከመኪናዋ ይፈጥናል።

«ፀሐይዬ፣ ለመርፌም ተዝካር ልታወጪ ነው እንዴ?»

«አዎ። አንቺንም እጠራሻለሁ።»

«እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ተዝካር አልበላም። ግን ሥጋ ካለው ንገሪኝ።»

አርብ ሐምሌ 25 ቀን ከትምህርት ቤቱ የተላከች መኪና የመጀመሪያዎቹን 200 ሱሪዎች ልትወስድ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰች። አርባ አርባ ሆነው በአምስት ጆንያ ተሞልተዋል። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ላይ ፀሐይወርቅ የቀጣዩን ዙር ሱሪ ቀበቶ ማስገቢያ ስትሰፋ መርፌው ተሰብሮ ነበር። የስፌት መኪናዋን አጥፍታ፣ ፈላልጋ ሁለት ቁራጭ አነሳች። ከደህና መርፌ አጠገብ አስተኝታ ለካችው። ጫፉ ጎድሏል። ከጉልበቷ አጠገብ ያለቁ ሱሪዎች የነበሩበት ቅርጫት አሁን ባዶ ነው።

«ቲና፣ ቅርጫቱን የት ገለበጥሽው?»

«አምስተኛው ጆንያ ውስጥ ነዋ። አፉን ሰፍቼ ጨረስኩ።»

«ፍቺው።»

«አንቺ ደህና ነሽ? ሹፌሩ ጡሩምባ ሲያንባርቅ አትሰሚም?»

ፀሐይወርቅ ከአሮጌ ራዲዮ ያወጣችውን ማግኔት ከመሳቢያዋ አንሥታ ወለሉን ዳበሰች። ሁለት ስፒል ይዞ ተነሣ፤ ጫፉ አልነበረም። ወይዘሮ አስቴር ስልካቸውን እንደያዙ ከቢሮ ወጡ።

«ምንድን ነው ያቆማችሁ?»

«የመርፌ ጫፍ ጎድሎኛል፣ እትዬ። ከአርባዎቹ አንዱ ውስጥ ሊኖር ይችላል።»

«ሊኖር ይችላል ወይስ አለ?»

«አላውቅም። ወለሉ ላይ የለም።»

«ዘንድሮም ከተቀየሙን ይሄ ቤት እንደሚዘጋ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ሙከራ ላይ እንዳለሽስ?»

«እሱም ገብቶኛል።»

ወይዘሮ አስቴር ወደ በሩ አዩ፣ ወደ ጆንያው አዩ። «አራቱን ጫኑ» አሉ፤ «ሹፌሩን ግማሽ ሰዓት ለምኑልኝ።»

ፀሐይወርቅ እጅጌዋን ሰበሰበች። የልብስ ሰፊ ጣት በመርፌ ደንዝዟልና ጫፍ አይለይም፤ የክንድ ውስጠኛ ቆዳ ግን ይለያል። ይህንንም የተማረችው እዚያው ነው። የእያንዳንዱን ሱሪ ወገብና ኪስ እየገለበጠች ክንዷ ላይ ጫን አድርጋ ጎተተች። ሃያ ሱሪ አለፈ፣ ሠላሳ አለፈ። ሠላሳ አንደኛው ለስድስት ዓመት ልጅ የሚሆን ነበር። የግራ ኪሱ ጥግ ክንዷን ጫረው፤ ቀጭን ደም ወጣ። ጫፉን በወረንጦ ነቅላ ከሁለቱ ቁራጮች ጋር አጋጠመችው። ሞላ። የቀሩትን ዘጠኙንም ግን ፈትሻ ነው የተነሣችው።

መኪናዋ ሃያ አምስት ደቂቃ ዘግይታ ሄደች። ወይዘሮ አስቴር ፀሐይወርቅን ቢሮ ጠርተው ደብተሯን አገላበጡ።

«ዘመድ ቤት የሚሰፋ ሰው ስባሪ አይገጣጥምም። ኮሌጅም አያስተምረውም፤ የእህቴ ልጅ ይሄንኑ ነው የተማረችው። ከየት አመጣሽው?»

«ትልቅ ፋብሪካ ሠርቼ» ብትል ያስኬዳል። ግን የትኛው ፋብሪካ ይባላል፣ ስልክ ይደወላል፣ ሌላ ውሸት ይጨመራል። ሁለተኛውን ወረቀት ከላስቲኩ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ወይዘሮ አስቴር ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ምን አድርገሽ ነው?»

ነገረቻቸው።

«ሰውየውስ?»

«በአንድ ዓይኑ ያያል።»

«ዋሽተሽኛል።»

«ዋሽቻለሁ።»

«ይሄን መጀመሪያ ቀን ብታሳዪኝ አልቀጥርሽም ነበር።»

«ያላሳየሁዎትም ለዚያ ነው፣ እትዬ።»

ወይዘሮ አስቴር ወረቀቱን አጠፉት፤ አልመለሱላትም። «ነገ ጠዋት እነግርሻለሁ» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ክፍት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጡ የነበሩት መርፌዎች ቁልፍ ያለው ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ገብተው ነበር። ወይዘሮ አስቴር ሰውን ሰበሰቡ። «ከዛሬ ጀምሮ ስባሪውን ሙሉ ያላመጣ አዲስ መርፌ አያገኝም፤ ቤቱም አይሄድም። ቁልፉ ፀሐይወርቅ ጋ ነው። የት ተማረችው ካላችሁ እሷን ጠይቁ።»

ቲና በምሳ ሰዓት ጠየቀቻት። ፀሐይወርቅ አልደበቀችም። ከምሳ በኋላ ቲና መቀሷን ከፀሐይወርቅ በኩል አንሥታ ወደ ግራዋ አዛወረች። አራት ቀን ሙሉ አልቀለደችም። በአምስተኛው ቀን የራሷ መርፌ ተሰበረና መዳፏን ዘርግታ መጣች።

«እንኪ፣ ሟቹን ተቀበይ። ተተኪውን ስጪኝ፣ የኔ ወህኒ አዛዥ።»

ፀሐይወርቅ ቁራጮቹን ገጣጠመች። «ጫፉ የለም። ፈልጊ።»

«ኧረ በጌታ! ምሳ ሰዓት እኮ ነው!»

«እኔም አልበላሁም።»

ቲና ማግኔቱን ተቀብላ ተንበረከከች። አርባ ደቂቃ ፈጀባት። ማታ ስትወጣ መቀሷን ወደ ቦታዋ መልሳ ነበር።

ስልሳኛው የሥራ ቀን ነሐሴ 10 ሞላ። ነሐሴ 12 ቀን ፀሐይወርቅ ቋሚ ውል ፈረመች። «የሥራ ልምድ» በሚለው መስመር ላይ ወይዘሮ አስቴር በእጃቸው «አራት ዓመት ከሁለት ወር» ብለው ጽፈዋል፤ ደብዳቤውም ከማኅተሙ ጋር ፋይሏ ውስጥ ገብቷል።

የ640ው ሱሪ ርክክብ ነሐሴ 15 አለቀ። ከሐምሌ 26 ጀምሮ እስከዚያ ቀን ድረስ በስፌት ቤቱ የተሰበረው መርፌ 23 ነው። ደብተሩ ላይ ሙሉ ሆኖ የተለጠፈውም 23 ነው።