ባለማህተሙ ባለበት

የአልጋ ቤቱን አንሶላ አንዱን ጫፍ ከምሰሶው ጋር አስራ ሌላውን ጫፍ ስትጠመዝዝ የግቢው በር ተንኳኳ። አልመለሰችም። አንሶላ ለሁለት ሰው የተሰጠ ሥራ ነው፤ ብቻዋን የምታጥብ ሴት መሃል ላይ ከለቀቀችው ተፈትቶ ጭቃው ላይ ይዘረጋል፣ ጭቃ የነካው ደግሞ እንደገና ውሃ ይፈልጋል። የነበራት ውሃ በርሜሉ ሥር የቀረው፣ ሳሙና በልቶት ግራጫ የሆነው ብቻ ነበር።

በሩ መልስ ሳይጠብቅ ተከፈተ። እንዲህ አድርጎ የሚገባ አንድ ሰው ነው፤ የሰፈሩ ሊቀመንበር። ፊት ለፊት "ጋሼ" ይሉታል፤ ዞር ሲል "ባለማህተሙ" ነው። የሰፈሩን ማህተም ቢሮ ውስጥ ትቶ አይወጣም። እኔ በሌለሁበት ይመቱበታል ብሎ ስለሚሰጋ በፌስታል ጠቅልሎ በኮቱ የደረት ኪስ ይዞት ይዞራል። በግራ በኩል ስላበጠ፣ ከሩቅ ለሚያየው ልቡ ወደ ውጭ ያደገበት ሰው ይመስላል።

አጣቢዋ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው እዚያ እብጠት ላይ ነው። የራሷን የውሃ ቆጣሪ ለማስገባት ያዘጋጀችው ማመልከቻ ሁሉ ነገሩ ተሟልቶ ፍራሽ ሥር ተኝቷል፤ የጎደለው የእሱ ማህተም ብቻ ነው። ከክረምት ጀምሮ "ዛሬ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ነገ ነይ" ሲላት ከርሟል። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ባለፈው ሳምንት ቆርጦ ነግሯታል፤ ቧንቧዋ ግቢዋ ውስጥ ያለ ሌላ አጣቢ አግኝቷል፤ እሷም ቧንቧ ካላስገባች ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አንሶላው ወደዚያ ይሄዳል። አንሶላው ከሄደ እሷና አማቷ የሚበሉት የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ያቆመው ይኸው አንሶላ ነው።

"በርቺ፣ በርቺ" አለ ባለማህተሙ። "እንግዳ ይዤልሽ መጣሁ።"

ከኋላው አንገቷ ላይ ባጅ ያንጠለጠለች፣ ታብሌት የታቀፈች ልጅ ገባች። ጭቃውን እየመረጠች ትረግጣለች።

"ይቺን ልጅ አስተናግጃት። ከዚያ ያንን ወረቀትሽን አምጪና እንገላገላለን።"

አጣቢዋ አንሶላውን ገመድ ላይ ጣል አድርጋ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "ይቀመጡ ጋሼ። አንቺም ተቀመጪ።"

ልጅቷ ቆማ፣ እንደ ተማሪ በአንድ ትንፋሽ አነበበች። "የመጣሁት ከአንድ የጥናት ድርጅት ነው። ሰዎች ስለ ኑሯቸውና ስለ አገር አስተዳደር ምን እንደሚያስቡ እንጠይቃለን። ስምዎን አንጽፍም። የሚሰጡን መልስ በምስጢር የተጠበቀ ነው።"

"ምስጢር" የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ባለማህተሙ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

በጥናት ድርጅቱ አሠራር ቤት ውስጥ ያገኙትን ሰው አይጠይቁም፤ ከአዋቂዎቹ መሃል በዕጣ ይመርጣሉ። ልጅቷ ካርዶቿን ገልብጣ ዘረጋች። አማቲቱ ከውስጥ ሰምታ ኖሮ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ደጃፍ ላይ ብቅ አለች።

"ዕጣ ነው? ዘይት ነው ዱቄት?"

"ምንም የለውም እማማ። ጥያቄ ለመጠየቅ ነው።"

"ለጥያቄ ዕጣ? ጥያቄማ ያለ ዕጣም ሞልቶናል!"

ያም ሆኖ ካርድ አነሳች። ዕጣው ለምራቷ ወጣ። "እድሌን አውቀዋለሁ" ብላ አሮጊቷ ደፉ ላይ ቁጭ አለች።

ልጅቷ ታብሌቷን እየነካካች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ጋሼ፣ ጥያቄው... ለብቻ ቢሆን ነው የሚመረጠው።"

"ለብቻ? ምን ልታደርጊያት ነው?" ብሎ ሳቀ። "እኔ እኮ ባዳ አይደለሁም፣ የሰፈሩ አባት ነኝ። ቀጥይ።"

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ከዚያ የእብጠቱን ኪስ አየችና ዘጋችው። ሰፈሩ ውስጥ እንድትጠይቅ የተፈቀደላት ወረቀት ጠዋት የተመታው በዚያው ማህተም ነበር።

"የአገሪቱ አጠቃላይ አካሄድ ትክክለኛ አቅጣጫ የያዘ ይመስልዎታል ወይስ የተሳሳተ?"

"ትክክለኛ።"

"የእርስዎ የራስዎ ኑሮ በአሁኑ ጊዜ እንዴት ነው? በጣም መጥፎ፣ መጥፎ፣ መካከለኛ፣ ጥሩ፣ በጣም ጥሩ?"

አጣቢዋ በረኪና የሰነጠቀውን መዳፏን ጉልበቷ ላይ ገለበጠችው። "በጣም ጥሩ።"

"የማን?" አለች አማቲቱ።

"እማማ፣ ዕጣው የወጣው ለኔ ነው።"

"ባለፈው አንድ ዓመት እርስዎ ወይም ቤተሰብዎ ምን ያህል ጊዜ በቂ ንጹህ ውሃ አጥታችኋል? በጭራሽ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ ወይስ ሁልጊዜ?"

ባዶዎቹ ጀሪካኖች አፋቸውን ከፍተው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ልጅቷ አየቻቸው። ሦስቱም ሴቶች አዩአቸው። ባለማህተሙ ግን ኮቱን አስተካከለ።

"በጭራሽ።"

"ኧረ የኔ ልጅ፣ የት ቤት ነው የምትኖሪው?" አለች አሮጊቷ። "ንገሪኝና እኔም ልግባ።"

ባለማህተሙ በጥርሱ ሳቀ። "እማማ ጨዋታ ያውቃሉ።"

"ጨዋታስ የሚያውቁት እናንተ ናችሁ። እኔ የማውቀው ጀሪካን ነው።"

አጣቢዋ አማቷን በዓይኗ ቆነጠጠቻት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የተናገሩት አይመለስም፣ ማህተሙ ግን ወደ ቢሮው ሊመለስ ይችላል። አሮጊቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ልጅቷ ቀጠለች። ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። "ሦስት ሐሳብ አነብልዎታለሁ፣ የሚስማሙበትን ይነግሩኛል። አንድ፦ ዴሞክራሲ ከማንኛውም የአስተዳደር ዓይነት ይበልጣል። ሁለት፦ አንዳንድ ጊዜ ዴሞክራሲያዊ ያልሆነ መንግሥት ይሻላል። ሦስት፦ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የትኛውም ቢመጣ ለውጥ የለውም።"

ሦስተኛው ላይ አጣቢዋ ቀና አለች። ማን ጻፈው? ይህን ቃል እሷ ራሷ፣ እዚሁ ሳፋ ላይ አጎንብሳ፣ ስንቴ ብላዋለች።

"የመጀመሪያው ነው" አለ ባለማህተሙ።

"የመጀመሪያው" አለች።

"በዚህ አገር ሰዎች ስለ ፖለቲካ ሲናገሩ ምን ያህል ጊዜ መጠንቀቅ አለባቸው?"

አጣቢዋ ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት። እስካሁን የጠላችው ሰውየውን ብቻ ነበር። አሁን ጥላቻዋ ቦታ ቀየረ፤ እሱ የሚያደርገውን የሚያደርገው ጥቅሙ ስለሆነ ነው፣ ይቺ ግን የተማረች ናት፣ እያየች ነው የምታነበው።

"በጭራሽ" አለች ተጠንቅቃ።

"የአካባቢዎ ሊቀመንበር ሥራቸውን እንዴት እየተወጡ ነው ይላሉ?"

ባለማህተሙ ትሕትና ይዞት ሰማይ ሰማዩን አየ።

"እጅግ በጣም ጥሩ።"

"'እጅግ' የሚል ምርጫ የለውም" አለች ልጅቷ።

"እንግዲያስ ያለውን ስጪው።"

ከመንገዱ ጩኸት ተነሳ። "ቦቴ! ቦቴ መጣ!" ከየግቢው የጀሪካን ኳኳታ ተከተለ። ባለማህተሙ ብድግ አለ። "ያለ እኔ ይፋጃሉ። ወረቀቱን ይዘሽ እዚያው ነይ፣ ቦቴው ጎን ላይ እመታልሻለሁ። ጥሩ መልሰሻል።" ትከሻዋን መታ መታ አድርጓት ወጣ።

አሮጊቷ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥላ ተከተለችው። በሩ ላይ ዞር አለች። "ተራ ልያዝልሽ። ኑሮሽ በጣም ጥሩ ቢሆንም ውሃ አይጠላም።"

አጣቢዋ ወደ ውስጥ ገብታ ማመልከቻውን ከፍራሹ ሥር አወጣችና በጡቷ መሃል ሸጎጠችው። ስትመለስ ልጅቷ በርጩማውን ወደ አጣቢዋ ቦታ አስጠግታ ተቀምጣለች።

"እትዬ፣ ከመጀመሪያው ላንብብልዎት? አሁን ብቻችንን ነን። የበፊቱን እሰርዝና እውነተኛውን..."

"የበፊቱ ውሸት ነው ያለሽ ማነው?"

ልጅቷ ወደ ጀሪካኖቹ ቦታ አየች።

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" አለች አጣቢዋ። "እያወቅሽ ነው ያነበብሽልኝ። ደሞዝ አለሽ፣ ባጅ አለሽ፣ ማታ የምትገቢበት ሌላ ሰፈር አለሽ። አንቺ 'ይውጡልኝ' ማለት ፈርተሽ፣ ጀግናዋ እኔ ልሁን?"

"ምን ላድርግ? የምሠራበትን ፈቃድ የሚሰጠኝ እሱ ነው።"

"የኔንም።"

ከውጭ የባለማህተሙ ድምፅ ይሰማል፤ ሰልፉን እያስያዘ ነው።

"ያ የያዝሽው ዕቃ ቤቴን ያውቀዋል?"

ልጅቷ ለመዋሸት ጊዜ ነበራት፤ አልዋሸችም። "የተቀመጥኩበትን ቦታ ይመዘግባል። ግን የሚያየው የኛ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ምስጢር..."

"ቅድምም ምስጢር ብለሽኝ ነበር፤ ምስጢሩ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።"

ያም ሆኖ ልቧ ከጅሏል። "በጣም መጥፎ" የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር። ውሃው፣ አንሶላው፣ ለአንድ ማህተም የተመላለሰችበት መንገድ፣ ባሏ የሞተበት ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሌለው መደርደሪያ፤ ሁሉም ተሰልፎ ቆመ። ይቺ ፊቷ ያለች ልጅ ሁሉንም ከአንድ እስከ አምስት ባለው አንዱ ላይ በጣቷ ነክታ፣ ቦርሳዋን ዘግታ ትሄዳለች። አጣቢዋ ጉሮሮዋ ላይ የደረሰውን መልሳ ዋጠችው።

"አልነግርሽም።"

"እሺ" አለች ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ። "እንግዲያው የበፊቱን ልላከው?"

"የት ነው የምትልኪው?"

"ወደ ዋናው ቢሮ። ከሌሎች ሰዎች መልስ ጋር ይደመራል። ከዚያ ውጤቱ ይወጣል፣ በሬዲዮም ይነገራል። ከመቶ ይህን ያህል ሰው ኑሮዬ ጥሩ ነው አለ፣ ይህን ያህሉ ደግሞ..."

አጣቢዋ ይህን አላሰበችውም ነበር። ውሸቷ እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ከእሷና ከባለማህተሙ ጋር የሚቀር መስሏት ነበር። አሁን ታያት፤ እሷ ሳፋዋ ላይ አጎንብሳ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ደግሞ ውሃ ጠፍቶ አያውቅም ብሎ የራሷን ቃል መልሶ ሲነግራት።

"አጥፊው።"

"እትዬ..."

"ያ ውሸት የማህተሙ ዋጋ ነው። ለእሱ ከፈልኩት፣ አለቀ። አንቺ ይዘሽው የምትሄጂው ማን ነሽና ነው? እምቢ አለች ብለሽ ጻፊ።"

የልጅቷ ፊት ተለወጠ። "እምቢታ በዝቶብኛል። የቡድን መሪያችን ጠዋት ተቆጥቶኛል፣ ለሚቀጥለው ዙር ላይወስደኝ ይችላል። ደግሞ ሌላ ቤት ፈልጌ እንደገና..."

"ፈልጊያ።"

"እሺ፣ እሰርዘዋለሁ። ውሃው ያመልጥዎታል፣ እርስዎ ይሂዱ። እኔ መንገድ ላይ..."

"አሁን። እያየሁ።"

ከውጭ የአማቷ ድምፅ መጣ። "አንቺ! ተራው እየደረሰ ነው! ሰውዬሽም ሊሄድ ነው!"

"ያዙልኝ እማማ!" ብላ ጮኸች፤ ዓይኗን ግን ከታብሌቱ አልነቀለችም። ልጅቷ በጣቷ ገጹን ወደ ላይ መለሰችው። "በጣም ጥሩ" አለፈ፣ "በጭራሽ" አለፈ፣ "የመጀመሪያው" አለፈ፣ "በጭራሽ"፣ "በጣም ጥሩ" አለፈ። መጨረሻ ላይ መልሱ ሁሉ ከጠፋ እንደማይገኝ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ መጣ፤ ከሥሩ "አዎ" እና "አይ"። የልጅቷ ጣት አየር ላይ ቀረ።

አጣቢዋ እጇን ዘርግታ "አዎ" ላይ ራሷ ተጫነችው። ምንም አልሆነም፤ ጣቷ እርጥብ ነበር፣ መስታወቱ አላወቃትም። ሁለተኛ ተጫነች። እምቢ አለ። ውጭ አማቷ እንደገና ተጣራች። አልመለሰችላትም። ጣቷን ከቀሚሷ ደረቅ ቦታ ፈልጋ፣ ፈተግ ፈተግ አድርጋ አደረቀችው፣ ከዚያ መልሳ ተጫነችው።