እንግዳው እንዳይንገጫገጭ

የኢንቨስትመንት መሥሪያ ቤቱን ሾፌር፣ እናቱ ያወጣችለት ስም ቢኖርም፣ ሁሉም «ጋሽ ቀስታ» ነው የሚለው። እሱ በሚነዳው መኪና ውስጥ ሻይ ቢያዝ ጠብ አይልም ይባላል። አንድ የውጭ ኩባንያ የልብስ ማጠቢያ ማሽን መገጣጠሚያ ለመትከል አገር ሲመርጥ ሁለት ሰዎች ላከ፤ ኃላፊውም ሌላ ሾፌር አላሰበም። ኩባንያው ብዙ አገር አበጥሮ ሁለት አስቀርቷል፤ ይህንንና ጎረቤቱን። በደመወዝ፣ በግብር፣ በመብራት ተቀራራቢ ናቸው። የቀረው ከፋብሪካው ቦታ እስከ ወደቡ ያለውን መንገድ ማየት ነበር።

ለጋሽ ቀስታ ግን ነገሩ የቤቱ ጉዳይ ነው። ሴት ልጁ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምራ ሥራ ፍለጋ ጫማ ጨርሳለች። ተስፋ ቆርጣ ባሕር ማዶ ለቤት ሠራተኝነት ልትሄድ ፓስፖርቷን ለደላላ ሰጥታ ነበር። የፋብሪካውን ወሬ ስትሰማ ደላላውን «ትንሽ ጠብቀኝ» አለችው። እናም አባት እንግዶቹን እንደ ዓይኑ ብሌን ሊይዛቸው ቆረጠ።

ያዛቸውም። እንቁላል የጫነ ይመስል ጉድጓዱን ሁሉ እየተለማመጠ ያልፋል። ከኋላው የተሰለፉት የጭነት መኪኖች የመንግሥት ታርጋ አይተው ክላክስ ለማድረግ እንኳ አልደፈሩም። አንደኛው እንግዳ ስልኩን ደጋግሞ ያያል። ሾፌሩ ሰውየው ቤተሰቡ ናፍቆት መሰለውና አንጀቱን በላው፤ ይበልጥ ተጠነቀቀለት። አገር በሰዓት እንደሚመረጥ ማን ነግሮት።

ኩባንያው ጎረቤቱን መረጠ። ኃላፊው አስጠርቶ ሳይቆጣ ነገረው። እንግዶቹ ለካ ሰዓት ይዘው ኖሯል፤ የጭነት መኪኖቹም እንደዚያው ሲንቀረፈፉ ስላዩ ዕቃችን መርከብ ያመልጠዋል ብለዋል። ኃላፊው «ያዘገያችሁ መንገዱ ሳይሆን የሾፌራችን ጨዋነት ነው» ብሎ ቢጽፍም ከወዲያኛው ጋር ፊርማው አልቆ ነበር።

ቤቱ ገብቶ ምንም ሳይደብቅ ተናገረ። ልጁ ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። እሷ ግን አጠገቡ ቁጭ ብላ እጁን ያዘችው።

«ይሁን አባዬ። አንተ ዕድሜህን ሙሉ ሰው አገልግለህ ማንም አልተቀየመህም። እስቲ ምከረኝ፤ ሰው ቤት ስገባ ምን ምን ልጠንቀቅ?»

ይህን ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሊመልስላት ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አንቺ እኮ መሐንዲስ ነሽ» አለና ልጁ ፊት አለቀሰ።