ሳሕኒም የማን ናት?

የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ጥቂት ከተንጫጫ በኋላ የሽማግሌው ኢማም ድምፅ ተሰማ።

«ዛሬ ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ለአማቅ ሳሕኒም ዱዓ ይደረጋል። ከሞተ መቶኛ ቀኑ ነው። የምግብ ትሪ ያዘጋጃችሁ ይዛችሁ ኑ።»

ሱሃይኒ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። የመጣችው ለባሏ መቶኛ ቀን ነው፤ የባሏ ስም ግን ማህሲር ነው። አማቅ ሳሕኒም ማለት የሳሕኒም አባት ማለት ነው። በሎምቦክ ደሴት ገጠር ሰው ልጅ ሲወልድ የራሱ ስም ይቀርና በበኩር ልጁ ይጠራል። እሷም የዚያው ደሴት ልጅ ናት፤ ከተማ ብታድግም ልማዱን አታጣውም። እሷና ማህሲር ግን ልጅ አላሳደጉም።

ሌላ ሰው ሞቶባቸው ይሆናል ብላ አሰበች።

የባሏ እኅት ኢናቅ ሙርጊ፣ የሙርጊ እናት ማለት ነው፣ በቀይ መክደኛ የተከደነ ትሪ በራሷ ላይ አድርጋ ደረሰች።

«ምን ይገትርሻል? ግቢ እንጂ። እናንተ ከተማ መስጊድ የሚገባው በጥሪ ነው እንዴ?»

«ዛሬ የሌላ ሰውም መቶኛ ቀን አለ?»

«አንዱ አልበቃሽም? የወንድሜ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ኢማሙ ማህሲር ብለው ይጥሩት። ንገሪልኝ።»

ኢናቅ ሙርጊ ትሪውን በእጇ ደግፋ ሳቀች። «ማህሲር ቢሉ ማን ያውቀዋል? ሰዉ ለማን ብሎ አሚን ይበል? እሺ፣ እነግርልሻለሁ።»

ሱሃይኒ ወደ ሴቶቹ ክፍል ገባች። ይህን መስጊድ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ማህሲር ወደ መንደሩ የሚመጣው ሁልጊዜ ብቻውን ነበር። በየዓመቱ ጾም ሊገባ ሲል «መቃብር ላጸዳ» ብሎ ይሄዳል፤ ሲመለስ የሽርጡ ጫፍ ጭቃ ይሆናል። አንድም ቀን የማንን መቃብር ብላ አልጠየቀችውም። አሁን ግን ጭቃው ከየት እንደነበረ ማሰብ ጀመረች።

«የሳሕኒም እናት መጣች» አለች ከሴቶቹ አንዷ፤ ሌላዋ ፈጥና ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችላት።

ሱሃይኒ ተቀመጠች። መልኳን አያውቁትም፤ ከሌላይቱ ጋር አምታተዋት ይሆናል። ሌላይቱ። ቃሉ ሳታስበው ነው የመጣው። በመስኮቱ ውጭ ልጃገረዶች ትሪ ተሸክመው ያልፋሉ። አንድ በአንድ አየቻቸው። የማህሲርን ሰፊ ግንባር ነበር የምትፈልገው። አንዷ ላይ ያገኘችው መሰላት፤ ልጅቷ ዞር ስትል ግን ጠፋ።

አጠገቧ ወደተቀመጡት አሮጊት ዘንበል አለች። ቀስ ብላ፣ «ሳሕኒም ዛሬ አልመጣችም?» አለች።

አሮጊቷ አተኩረው አዩዋት። «እዚሁ ናት እንጂ የት ትሄዳለች?»

«የት?»

በአገጫቸው ከመስኮቱ ማዶ አመለከቱ። ሱሃይኒ እንደገና ልጃገረዶቹን አየች። ከልጃገረዶቹ ኋላ የመስጊዱ መቃብር ነው፤ ሌላ ነገር የለም። ምንም አልገባትም።

ትሪዋን አድርሳ የተመለሰችው ኢናቅ ሙርጊ ሰምታ ኖሮ ከጎኗ ቁጭ አለች። አሁን አትስቅም።

«አልነገረሽም?»

«ምኑን?»

«አንቺ ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዟት መጣ። በእቅፉ፣ በሰው ሞተር ብስክሌት። ኢማሙ ‹ስሟ ማን ነው?› አሉት። ‹እናቷ አላወጣችላትም› አለ። ‹ያለ ስም አትቀበርም፣ አንተ አውጣላት› ሲሉት ሳሕኒም አለ። ከዚያ ወዲህ እዚህ አገር ማህሲር የሚባል ሰው የለም። አንቺም ሱሃይኒ አይደለሽም፣ እቴ። መጠሪያሽን ያላወቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

አንድ ሌሊት ብቻ በሕይወት ስላደረችው ልጇ፣ ሱሃይኒ ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና ያለችው ትዝ አላት፤ «ስለ እሷ አንድ ቃል እንዳትነግረኝ።» ማህሲር እሺ ብሎ ነበር። ማህሲር እሺ ካለ እሺ ነው።

ሶላቱ አለቀ። ከመጋረጃው ወዲያ ኢማሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ባለቤቱ በሌላ ስም ይጠራልኝ ብለዋል አሉ። በየትኛው ልጥራው?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ።

«በልጁ» አለች።

ኢማሙ ጠሩት። ሰዉ አሚን አለ፣ እሷም አሚን አለች፤ ለአባትየው ይሁን ለልጅቷ ግን መለየት አቃታት። ዱዓው አልቆ ትሪዎቹ ሲከፈቱ ከወዲያኛው ጥግ አንዲት ሴት፣ «ኢናቅ ሳሕኒም፣ ውኃውን ወዲህ አቀብዪን» አለች። ሱሃይኒ የተጠራችው ሴት እስክትነሳ ጠበቀች። ማንም አልተነሣም።

ሴትየዋ ደግማ ጠራች።

«አቤት» አለች ሱሃይኒ።