የእነሱ ክረምት

ረሃቡ በከፋበት በሰባ ሰባት ዓመተ ምህረት ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር የስንዴ ዘር በኩንታል መጣ። መግለጫውን የተረጎመው ሰው «የክረምት ስንዴ» ብሎ ጽፎት ነበር።

ላጲሶ ዕድሜውን ስንዴ በማዳቀል የጨረሰ ተመራማሪ ነው። ኃላፊው ጓድ ጉግሳ ቢሮው አስጠርቶ፣ «ስሙ ራሱ ይናገራል። ሰኔ ላይ ጎሮ ያለው ማሳ ላይ ይዘራ» አለው።

«ጓድ፣ የእነሱ ክረምት በረዶ ነው እንጂ ዝናብ አይደለም። ይሄ ስንዴ በቡቃያነቱ ረዥም ብርድ ካላገኘ ዛላ አያወጣም።»

«ሰው በረሃብ እያለቀ ስለ በረዶ ታወራልኛለህ?»

ላጲሶ መከራከር ከታከተው ቆይቷል። ዘራው።

ማሳው አረንጓዴ ለበሰ። መስከረም ላይ እንግዶች መጥተው አጨበጨቡ። ኅዳር ሲገባ ግን ያው ሣር ነበር፤ አንድም ዛላ የለው። ጉግሳ «አሻጥር ነው» ብሎ አመለከተና ላጲሶ ታሰረ። ሲፈታ ከምርምር ተነሥቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመድቧል።

ቦሌ ሚካኤል ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሙሉነሽ ከኮቱ ኪስ ያገኘችውን የዚያን ስንዴ እፍኝ ዘር አሳየችው።

«ልጣለው?»

«ተይው።»

«ዛሬም ስንዴ? በዚህ ጉልበትህ?»

«ሌላ ምን አውቃለሁ፣ ሙሌ?»

ዘሩን በውሃ አርሶ በጨርቅ ጠቀለለና ጎረቤታቸው ሐቢባ ሱቅ ሄደ። የለስላሳ ፍሪጅ ነበራት።

«ትንሽ ቦታ ትሰጪኛለሽ?»

«ጋሼ ላጲሶ፣ ለስላሳው ራሱ ጠፍቶ ባዶውን ነው የሚያጓራው። ያስገቡት።»

ዘሩ ብርዱን ጠግቦ ሲያጎነቁል ከጓሮው ተከለው። ዛላ አወጣ። ላጲሶ አላጨበጨበም፤ መነጽሩን አድርጎ፣ ወረንጦ ይዞ፣ ከአገሩ ስንዴ ጋር ያዳቅለው ጀመር። ዲቃላውን እየዘራ፣ ዋግ የመታውን እየነቀለ፣ ደህናውን እያስቀረ ዓመታት አለፉ። ወገቡ ጎበጠ።

በመጨረሻ ዋግ የማይደፍረው አንድ ዝርያ ቀረለት። የድሮ ባልደረባው ኦላና ሊያየው መጣ።

«ወደ ምርምር ተመለስ። ጉግሳ ተዛውሯል፤ እኔ አስፈቅዳለሁ።»

«ዘሩን ውሰደው» አለ ላጲሶ። «እኔን ግን ተወኝ። ደክሞኛል።»

ኦላና ወስዶ አባዛው፤ ገበሬም ዘራው። ጥቂት ዓመት በደህና ታጨደ። ከዚያ ሌላ ዓይነት ዋግ ተነሥቶ በላው። ኦላና ሊያረዳው መጥቶ ከበሩ ላይ ቆመ።

ላጲሶ ከአልጋው ቀና አለ። «ዋግ መታው አይደል? እኔስ እስከዚህም ይቆያል አላልኩም ነበር። ግባ፣ ተቀመጥ» አለው።